የሃያ ደቂቃ ስንቅ

የክፍሌ ልጆች እንደ ገብስ ተዘሩ፤
መንታዎቹ እንኳን ተነጣጥለው፣ አንዷ ዲላ ሌላዋ ሰመራ ቀሩ።
እኔን ግን ምደባው ብዙም ሳያለፋ፣
በሬሳን እንኳን ሳያሻግረኝ
ደብረ ብርሃን ላይ ጣለኝ፣ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ፤
ይኸው ነው የሩቅ አገር ተስፋ።

አባቴ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣
የሱፍ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንደ ውርጭ ተኝቶ፣
"ሃያ ደቂቃ ነው" አለ ጫማውን ሳይፈታ፤
"ለሃያ ደቂቃ ስንቅ አይቋጠርም።
ምን ያሳድርሻል ሰው ቤት ማታ?"

እናቴ እታፈራሁ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን ሒሳብ ያውቃል፤
ነን ካፌ ሆኜ ከቤት ብመላለስ፣ የምግቡ ብር በወር በወር ይመጣል፤
ዘይት ይገዛል፤ የበአምላክን ደብተር፣ የመብራቱን ይሸፍናል።

እኔስ?
ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ፤
በስልኬ ብርሃን፣ የመክሊት እርግጫ ወገቤን እያገኘው አነባለሁ።
አባቴ ቀን ሲተኛ በእግሬ ጣት እሄዳለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤
ጠራርቼ፣ ጮክ ብዬ፣ በቀን ስቄ አላውቅም።
ይህን ለማን ልንገር? በደል አይደል፤ ማንም አልበደለኝ፤
ቤቱ ጠቦ እንጂ ፍቅሩ ጠቦ አይደለም፣ ውጪ ውጪ ያሰኘኝ።

"አንድ ሌሊት ልሞክረው" አልኩ።
እሺ ያለኝ የለም፤ እምቢም ያለኝ የለም።
ቁልፍ ተቀበልኩ፤
ብሎክ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የላይኛው አልጋ፣ ከመስኮቱ ሥር።
ስድስት ልጆች፣ ስድስት ሳጥን፣ ስድስት ዓይነት ሳል፣ አንድ በር።
ኛቦል ከጋምቤላ ሦስት ቀን ተጉዛ፣ ባንድ ሹራብ የመጣች፣
"ቤትሽ እዚህ ነው? እዚሁ?" አለችኝ እየተንቀጠቀጠች፤
"እኔ ብሆን…" አለች፤
ቀሪውን ዋጥ አድርጋ፣ እጆቿን በትንፋሽ አሞቀች።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤
ከባሕር ዛፉ ጀርባ የቆርቆሮ ጣሪያ ቆጠርኩ፤
የቄሱ ግቢ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ ሦስተኛው የኛ።
ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ቤቱ ግን አልተኛ።
በሦስት ሰዓት መብራት የሚያጠፉ ሰዎች፣
ለቆጣሪው ሳንቲም የሚሳሱ እጆች፣
ያን ሌሊት አምፖሉን ለማን ነው የተዉት?
እኔ ጨለማ ውስጥ ቆሜ አየሁት፤
እነሱ ማየቴን አላወቁት።

ጠዋት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ሲያነጣው፣
አባቴን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ቀድሞ ያየኝ እሱ ነው።
ብብቱ ሥር ብርድ ልብስ ይዟል፣ ጠርዙ ላይ ክር የዘለለው፣
ፋብሪካው ለሠራተኛ በግማሽ ዋጋ የሚጥለው።
"ፎቅ ይበርዳል" አለ። ሌላ አልጨመረ።
ብርድ ልብሱን ሰጠኝ፤ እጁ ግን ለመልቀቅ ትንሽ አከራከረ።

ቤት ስደርስ፣
መክሊት አልጋው መሐል ተዘርግታለች፣ እግሯ የእኔን ቦታ ሞልቶ፤
አልከፋኝም አልኩ፤ ከፋኝ ትንሽ ቆይቶ።
እናቴን ስለ አምፖሉ አልጠየቅኋት፤
ዓይኗ አብጧል፤ "ጭስ ነው" እንዳትለኝ ፈራኋት።
በሶ ቋጠረች፣ ቆሎ ጨመረች፣ የሽሮ ጣሳ ደረበች፤
"ስድስት ናችሁ አልሽ?" ብላ፣ የእያንዳንዷን ስም ጠየቀች፤
የኛቦልን ሁለቴ ተሳስታ፣ በሦስተኛው አቃናች።

ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነው። "ግቢ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፤
የዘይቱን ሒሳብ ግን እስካሁን እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ።

ብርድ ልብሱን ተሸክሜ፣ ስንቁን አንጠልጥዬ ወጣሁ።
ሃያ ደቂቃ ነው መንገዱ።
ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ ዐረፍሁ።